አትቀስቅሷት

«ማዘር፣ ትንሽ ወደ ስልኩ ጠጋ ይበሉ፤ ድምፅዎ እንዳይጠፋ» አለ የሕዝብ ግንኙነቱ ሠራተኛ። ለዩኒቨርሲቲው ሃምሳኛ ዓመት መጽሔት የተማሪዎችን መኝታ ቤት ታሪክ ሊቀዳ ነው የመጣው። «ሕንጻው ሲከፈት የሚያድሩበት ወንዶች ብቻ ነበሩ፣ እያሉኝ ነበር።»

ማዘር ሊመልሱ ሲሉ የቢሯቸው በር ተገፋ። የልጃቸው ልጅ ናት። በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ክሊራንስ የሚሉትን፣ ተማሪ ሲሰናበት ከየቢሮው የሚያስፈርመውን ወረቀት ይዛለች። ቤተ መጻሕፍቱ ፈርሟል፤ ምግብ ቤቱም ፈርሟል። የቀረው የመኝታ ቤቱ ነው፤ የመኝታ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ማዘር ናቸው።

«እንግዳ አለብኝ፤ ተቀመጪ» አሏት።

«አውቶቡሱ ስድስት ሰዓት ላይ ይሄዳል፣ እማማ።»

«ገና አራት ሰዓት ነው። ተቀመጪ።»

ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ያለሳቸው ፊርማ ከግቢው አትወጣም፤ ዘበኛው ወረቀቱን አይቶ ነው የሚያሳልፈው። ማዘር እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተው ወደ ሰውየው ዞሩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ያዩትን ተረኩለት። መጀመሪያ በአንድ ክፍል አራት ተማሪ ነበር፤ አንሶላም በየቅዳሜው ይቀየራል። ከዚያ ሴቶቹ መጡ፤ ሦስተኛው ፎቅ ተሰጣቸውና ደረጃው ላይ የብረት በር ተበጀ። እየበዙ ሲሄዱ ሕንጻው በሙሉ ተለቀቀላቸው። ተደራራቢ አልጋ ገባ፤ አራቱ ስድስት፣ ስድስቱ ስምንት ሆኑ። ውሃውም ከቧንቧው ጠፋና ጄሪካን ኮሪደሩን ሞላው።

«ስምንት ሰው በአንድ ክፍል እንዴት ይኖራል?»

«በተራ ነዋ የሚተነፍሱት» አሉ ማዘር። ሰውየው ሳቀ። «ቢሆንም ይተሳሰባሉ። በየክፍሉ በር ጀርባ የስምንቱም የፈተና ሰዓት ይለጠፋል። በየሳምንቱ የምትቀየር ቀስቃሽ አለቻቸው። ሰዓት ተለወጠ ከተባለም ቀድማ የሰማችው በሩን ሁሉ እያንኳኳች ትዞራለች። እዚህ ቤት ተኝታ ፈተና ያለፋት ልጅ…»

ወደ ልጅቷ ዞር አሉ። ልጅቷ የጫማዋን ጫፍ ታያለች።

«የለችም ልበል?» አለ ሰውየው፣ ምንም ሳያውቅ።

«አሥር ደቂቃ ስጠኝ፣ ልጄ።»

ስልኩን አንስቶ ወጣ።

ልጅቷ አምና ስትገባ የተመደበችው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሌሎች ሰባት ጋር ነበር። ለማዘር፣ እናቷ ስትሞት በጨቅላነቷ የተረከቧት አደራ ናትና ጩኸቱም፣ የሰው ሳልም፣ ከላይኛው አልጋ መውደቁም አስፈራቸው። ከቢሯቸው አጠገብ ያለችውን ዕቃ ቤት አስለቅቀው አንድ አልጋ አስገቡላት። ሌሎቹ «ልዕልቷ» አሏት። ማዘርም ይበሏት አሉ። ልዕልቷ ግን ጓደኛ አላፈራችም፤ ከበሯ ጀርባ አንድም ወረቀት አልተለጠፈም።

የፈሩት ይደርሳል። በመጨረሻው የፈተና ሳምንት የከሰዓቱ ፈተና ወደ ጠዋት መዞሩ ማታውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። እሷ ስታነብ አድራ የተኛችው ጎህ ሲቀድ ነው። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል አንዲት አጭር ልጅ ከሦስተኛ ፎቅ እየሮጠች ወረደችና በሯን ልታንኳኳ እጇን አነሳች። ማዘር ከቢሯቸው ብቅ አሉ።

«አትቀስቅሷት። አሁን ነው ዓይኗን የከደነችው።»

«ማዘር፣ እኮ ፈተ…»

«ዞር በይ ብያለሁ። ከናንተ ጫጫታ ልገላግላት ብዬ አይደል እዚህ ያመጣኋት?»

አጭሯ ልጅ ሰዓቷን አየችና ወደ ራሷ ፈተና ሮጠች። ማዘር የኮሪደሩን መብራት ሳይቀር አጠፉ።

ትምህርት ክፍሉ «ማስታወቂያው ተለጥፏል» አለ። ማዘር ዲኑ ቢሮ ስንት ቀን ተመላለሱ፤ መልሱ ያው ሆነ። በዚያ በአንዱ ትምህርት ምክንያት ውጤቷ ከማለፊያው ወረደና ተባረረች። ማዘር ለዲኑ ያልተናገሩት ነገር የለም፤ ያቺን አጭር ልጅ ግን ለማንም አንስተው አያውቁም።

«እስቲ አንድ ሳምንት ቆዪ። ዲኑን ደግሜ ላናግረው» አሏት አሁን፣ ሰውየው በሩን ዘግቶ እንደወጣ።

«ትናንት በደብዳቤ መለሱልን እኮ። አንቺው ነሽ ያነበብሽልኝ።»

«ሄደሽ አክስትሽ ሱቅ ቀኑን ሙሉ ተገትረሽ ልትውዪ? መብላት አለመብላትሽን ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ። ፈርሚልኝ፣ እማማ።»

ማዘር ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ አቧራ የለበትም።

«አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አሉ። «ያን ቀን ጠዋት ሊቀሰቅሱሽ መጥተው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ራሷ። ከፈተና እንደወጣች መጥታ፣ እያለቀሰች።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልሽው…»

«ምን ልበልሽ? ዲኑ ቢሮ ስትመላለሺ እግርሽ አብጦ ነበር።»

ማዘር እስክሪብቶውን ከኪሳቸው አወጡ። ፍራሽ አንድ፣ ብርድ ልብስ አንድ፣ ቁልፍ አንድ፤ ሁሉም ተመልሷል። «የጎደለ ንብረት» ከሚለው ፊት ለፊት ሰረዝ አድርገው ፈረሙ።

በዚህ ቤት አንዲት ልጅ ስትሰናበት የክፍሏ ልጆች ሻንጣዋን እየተቀባበሉ እስከ ግቢው በር ይሸኟታል። ኮሪደሩ ላይ ግን ማንም አልነበረም።

«እኔ ልያዝልሽ» ብለው ብድግ አሉ።

«ተይው፣ እማማ። እስከ ዛሬ ሁሉን አንቺ ይዘሽልኝ ነው።»

ጉንጫቸውን ሳመቻቸውና ወጣች።

ሰውየው አንገቱን አስግጎ ገባ። «እንቀጥል ማዘር፣ ወይስ ሌላ ቀን ልምጣ?»

በመስኮቱ ልጅቷ ትታያቸዋለች፤ ሻንጣውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው እየለዋወጠች ትሄዳለች። የመንገዱን ግማሽ እንኳ አልሄደችም። ቢጣሩ ትሰማለች፤ ፈጠን ቢሉም ይደርሱባታል።

ማዘር ወንበራቸውን አዞሩ። ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

«ስልኩን ክፈተው» አሉ።