ለአገር መግቢያ የተቀመጠ መነጽር

ሙሀባው ጉንጩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። በዓረብ አገር፣ ሱለይ በሚባለው የመጋዘን ሰፈር፣ ፀሐይ ከመጋዘኖቹ ጣሪያ ብቅ ማለቷ ነው። እንዲህ ዝቅ ብላ ግድግዳውን በጎን ስታበራው፣ ትናንት የተለሰነው ላይ ያለ እብጠት ሁሉ ጥላ ይጥላል፤ ለሳኝ ጥፋቱን የሚያየው በዚች ሰዓት ነው። ከፍ ካለች ግን ነጩ ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ ዓይን ላይ ይደፋዋል፤ ያኔ ማየት ቀርቶ መግለጡም ጭንቅ ነው።

"እንደ መስታወት ነው" አለ ቀና ብሎ። "ያላ፣ ቀለም ይምጣ።"

አብሮት የሚለስነው ደርበው ሳቀ። "ሙሄ፣ ቀልድህን ተው። ይሄ ሁሉ ጉብታ?"

"የቱ ጋ?"

ደርበው እንደገና ሊስቅ ነበር፤ የጓደኛውን ፊት ሲያይ ተወው። እጁን ይዞ ግድግዳውን አስዳሰሰው። አንድ ጉብታ፣ አለፍ ብሎ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ሙሀባው እጁን መነጨቀ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አቧራ ነው። ሲነፍስ አላደረም?"

"ወንድሜ፣ እኔን ልታታልል?"

ከረመዳን ወዲህ የሙሀባውን ዓይን ጉም የመሰለ ነገር ጋርዶታል። ሐኪም ቤት እንዳይሄድ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም፤ በር ላይ ወረቀት ቢጠይቁትስ? ጠዋት ጠዋት ውሃ እየረጨበት ይወጣል።

"ዙቤዳ የገዛችልህ መነጽርስ?"

ይህን መነጽር የማያውቅ፣ በሚያድሩበት በፉጣ ሰፈር ያለ ጎረቤት የለም። በሰው ቤት የምትሠራው ሚስቱ ከባጥሐ ገበያ ገዝታ "ከፀሐይ ይጋርድህ" ብላ ነበር የሰጠችው። እሱ ግን፣ እንዲህ ያለ ዕቃ በሲሚንቶ ይቧጨር እንዴ! ለአገር መግቢያ ብሎ አስቀመጠው። ማደሪያቸው ከተፈተሸ ወዲህ ከትከሻው በማይለየው ቦርሳ ይዞት ይዞራል፤ ዓርብ ዓርብ አውጥቶ ይወለውለዋል እንጂ መስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንኳ አላነሣም። ደሴ ላይ ከአውቶቡስ ሲወርድ እንዴት እንደሚያምርበት ስንቴ አውርቷል፤ ጎረቤቱም ስንቴ ስቆበታል።

"አለ" አለ ሙሀባው። "ለአገር መግቢያ ነው።"

"ስትገባ ምን ልታይበት?" ቃሉ ካፉ እንደወጣ ደርበው ደነገጠ። "አፉ በለኝ፣ ሙሄ። አፉ በለኝ።"

ሙሀባው አልተቆጣም። ፀሐይዋ ከፍ ብላ ግድግዳው መንጣት ጀምሯል። የደርበው ዓይን መቅላቱን አላየም፤ በአይበሉባው ደጋግሞ ሲጠርገው ግን ለየው። የእሱም የጀመረው እንዲሁ ነበር።

ቦርሳውን ከፈተ። መነጽሩን አውጥቶ ወረቀቱን በጥፍሩ ላጠና፣ በዳሰሳ ደርበው ፊት ላይ ሰካው።

"ኧረ ሙሄ! ዙቤዳ ምን ትለኛለች?"

"አምሮበታል ትላለች፤ ውሸቷን ነው። ኸላስ፣ በቃ፣ የልስን ማንካውን ያዝ። ብርሃኑ ሳይከዳህ ጉብታውን ፋቀው።"

ሲሚንቶ ማቡካት ብዙ ዓይን አይፈልግም። ሙሀባው አካፋውን አንሥቶ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ወደ ጥላው ሄደ።