የአቶ ወዳጆ ትከሻና የሐኪሙ ስልክ

በሞላሌ ከበግ ጠጉር ባና ብርድ ልብስ የሚሸምኑት አቶ ወዳጆ ቀኝ ትከሻቸውን ካመማቸው አራት ወር ሆኗል። መወርወሪያ መወርወሩ ቀርቶ፣ ሊያማትቡ እንኳ እጃቸው ግንባራቸው አይደርስም። ስለዚህ በአልትራሳውንድ እያየ መርፌ ይወጋል የተባለ ሐኪም ዘንድ ሄዱ።

ወጣቱ ሐኪም ትከሻቸውን ዝልግልግ ቅባት ቀባና ስክሪኑ ላይ አንዲት ጥቁር ስንጥቅ አሳያቸው።

«መድኃኒቱ የሚገባው እዚህች ነው፣ አባባ።»

ከዚያ በዚያው ቅባታም ጓንት ስልኩን ነካክቶ ኳስ ጨዋታ ከፈተ፤ ማሽኑ ላይ አስደግፎም መርፌውን ሰካ። ዓይኑ ግን ኳሱ ላይ ነበር። አቶ ወዳጆ ስክሪኑን አዩት።

«ልጄ፣ ስንጥቋ እዚያ፣ መርፌህ እዚህ!»

«አባባ ደግሞ፣ ከመቼ ወዲህ ነው አልትራሳውንድ ማንበብ የጀመሩት?»

«እኔ ስሸምን ዓይኔ ገበያ አይሄድም!»

ሐኪሙ ስክሪኑን ሲያይ ፊቱ ቀላ። መርፌውን ነቀለ።

አቶ ወዳጆ ጥለውት ሊወጡ ቃጣቸው። ግን ክንዳቸውን ይፈልጉታል።

«ጓንትህን ቀይር፤ አዲስ መርፌ አምጣ። ስልኩን ደግሞ ወዲህ በል» አሉት።

አዲሱ መርፌ ጥቁሯ ስንጥቅ ውስጥ እስኪገባ ድረስ፣ የሚያጣብቀውን ስልክ በግራ እጃቸው ሁለት ጣት እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥለው ቆዩ።