የእትዬ ጥሩሸዋ ዓይን

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህን በእኛ አገር ፊደል ያልቆጠረውም ያውቃል። ስለዚህ ከዘመሮ ከተማ ወዲህ ባለችው ደብራችን፣ ሰዓሊው ይሥሐቅ እትዬ ጥሩሸዋን በአንድ ዓይን ሥሎ ብናገኘው ቅዳሴው እንዳለቀ ጉድ ፈላ።

የእመቤታችንን ሥዕል በጎቻቸውን ሸጠው የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው። ያሠራ ሰው ደግሞ እንደ ደንቡ ከእግሯ ሥር ተንበርክኮ ይሣላል። ሥራው ገና አላለቀም፤ የእመቤታችን ዓይን ባዶ ነው፤ ይሥሐቅ እሱን ለመጨረሻ ያቆየዋል። እትዬን ግን ፊታቸውን ወደ በሩ አዙሮ ጨርሷቸዋል። ከጎን የታየ ፊት ያው አንድ ዓይን ነው።

«ይሁዳ አደረጋቸው እኮ» አለች የትምወርቅ፣ ለወሬ የማትሰንፈው ጎረቤቴ።

አስተዳዳሪው መምሬ ወልደ ጻድቅም ተቆጡ። «ልጄ፣ ደንቡን አታውቅም? ዛሬውኑ ሁለተኛ ዓይን ጨምርላት።»

«አውቃለሁ አባቴ» አለ ይሥሐቅ አንገቱን ደፍቶ። «ግን ቅዳሴ ላይ ስንቴ አየኋቸው። ሰው ሁሉ ወደ መቅደሱ ሲያይ እሳቸው ወደ በሩ ነው የሚያዩት። ሌላ ፊት ልሥል ብል እጄ እንቢ አለኝ።»

የእትዬ ልጅ ምንይሉ በጦርነቱ ጊዜ እንደወጣ ቀርቷል። መርዶ አልመጣ፣ ስልክ አልተደወለ። አምና ዘመድ አዝማድ ጎትጉቶ ተዝካሩ ወጣ። እትዬም ጠላውን ጠምቀው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አስተናገዱን። ቁርጣቸውን ያወቁ መስሎን ነበር። ለካ ልጁን የቀበርነው እኛ ብቻ ነን።

እትዬ ወደ ሥዕሉ ቀረቡ። አፍረዋል፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «ተዝካሩ ላይ ስትመርቁኝ አሜን አልኩ እንጂ ልቤ አልተቀበለም። በሩ በተከፈተ ቁጥር እሱ ይመስለኛል። ኃጢአት ከሆነም አንድ ዓይኔ ይበቃኛል፤ አትንኩብኝ።»

«እንዴት ይሆናል ጥሩሸዋ?» አሉ መምሬ።

«አባቴ፣ እመቤታችንስ ልጇ ኢየሩሳሌም ሲጠፋባት ዝም ብላ አገሯ ገባች? ተመልሳ ፈልጋው የለ?»

ወንጌሉን ያስተማሩን ራሳቸው መምሬ ናቸው። ጥምጥማቸውን አስተካከሉና «እንግዲህ ይቆይ» አሉ።

በማግስቱ ይሥሐቅ የቀረውን ጨረሰ። እመቤታችን ልጇን እንደታቀፈች፣ በሁለቱም ዓይኖቿ ወደ በሩ ታያለች።