የዲሪዬ መኪና ስትጮህ

«መብራቱን አብሪው እስቲ፣ ሲስተር» አለ ፋራህ ከተከፈተው የመኪና ኮፈን ጀርባ።

አስካለማርያም መሪው ጋ እንደተቀመጠች የፊት መብራቱን አበራች። ከሞተሩ ይወጣ የነበረው ሲጢጥታ በአንዴ ከፍ አለ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት። ወዲያው ከቤቱ ውስጥ የአሮጊት ድምፅ ተሰማ።

«ዲሪዬ መጣ! በሩን ክፈቱለት!»

ሴትዮዋ የተናገሩት በሶማሊኛ ነበር። ጅግጅጋ ተወልዳ ላደገችው ለአስካለማርያም ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። በረንዳው ላይ ወደቆመችው የመኪናዋ ሻጭ፣ ወደ ዐናብ፣ ዞር አለች። ዐናብ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

«የባለቤቴ እናት ናቸው» አለች። «ሆዮ ባቱሎ። ዓይናቸው አያይም።»

ፋራህ ምንም እንዳልሰማ ሥራውን ቀጠለ። ከሃይላንድ ጠርሙስ ትንሽ ውሃ ወስዶ ዲናሞውን በሚያዞረው ቺንጊያ ላይ ጠብ ጠብ አደረገ። ጩኸቱ ቀጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ፣ ቺንጊያው ሲደርቅ፣ ተመልሶ መጣ።

«አየሽ? ውሃ ሲነካው ዝም የሚል ከሆነ ችግሩ ቺንጊያው ነው። የዲናሞው መዞሪያ ኩሽኔታ ቢሆን ኖሮ ውሃ አያስታግሰውም ነበር። አጥፊያት።»

አስካለማርያም ሞተሩን አጠፋች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አዋላጅ ነርስ ናት። ባለፈው ወር ከከተማው ዳር አንዲት እናት ምጥ ላይ ሆና ጠርተዋት፣ እሷ በእግሯ ደርሳ ሴትዮዋን ወደ ሆስፒታል የሚወስድ ባጃጅ ጠፋ። አራት ሰዎች በፍራሽ ተሸክመዋት ሲሮጡ ደሟ መንገድ ላይ አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሳቧ ሁሉ መኪና ሆነ። ይህች ነጭ ኮሮላ ከገበያው ዋጋ በግማሽ እንደምትሸጥ ስትሰማ፣ ሁለት ልጆቹን ያዋለደችለትን መካኒክ ፋራህን ይዛ መጣች። ለምን በግማሽ እንደሆነ አልጠየቀችም።

አሁን ጠየቀች። «ዲሪዬ ማነው?»

የፋራህ እጅ መፍቻው ላይ ቆመ። ያውቅ ነበር ማለት ነው።

«ባለቤቴ ነው» አለች ዐናብ። «ከጠፋ ስምንት ወር ሆነው። ሳይነጋ ከባቢሌ ለውዝ ሊያመጣ ወጣ። ካራማራ ዳገት ላይ መኪናዋ ቆማ ተገኘች። በሯ ክፍት፣ ሞተሯ እየሠራ። ጭጋግ ስለነበር ያገኛት የአይሱዙ ሹፌር መጀመሪያ አላያትም፤ ጩኸቷን ነው የሰማው።»

«እሱስ?»

«የለም። ገንዘቡ ወንበሩ ላይ ነበር። ሰው ሁሉ ወጥቶ ተራራውን አሥራ ሁለት ቀን ፈለገ። ጫማ አልተገኘ፣ ደም አልተገኘ።»

ነፋሱ የግቢውን አቧራ አንስቶ መስታወቱ ላይ በተነው። ዐናብ ዓይኗን በሻሿ ከልላ አሳለፈችው።

«ይህን ቺንጊያ ቀይረው ብሎ ያልለመነው ጎረቤት የለም። ‹ከቀየርኩት እናቴ መምጣቴን በምን ታውቃለች?› ይል ነበር። ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ጀምሮ ይሰሙታል። አሁንም ይሰሙታል። ሐሙስ ንጋት ላይ መጣ ብለው ቀሰቀሱኝ።»

«ሐሙስ?» አለ ፋራህ። «ባትሪ የላትም እኮ! ዛሬ ጠዋት የራሴን ባትሪ ነው ያሰርኩት።»

«ባትሪዋ ከተነቀለ ሁለት ወሩ ነው።»

«ሲያረጁ ጆሮም ያታልላል» አለች አስካለማርያም፣ ለሕመምተኛ በምትናገርበት ድምፅ። «ሐዘን ደግሞ…»

«ሲስተር» አለች ዐናብ ቀስ ብላ። «እኔም ሰምቻለሁ። ወጥቼ ኮፈኑን በእጄ ነካሁት።»

«ቀዝቃዛ ነበር?» አለ ፋራህ።

ዐናብ ኮፈኑን የነካችበትን እጇን ሻሿ ውስጥ ከተተች።

ፋራህ ወደ ሞተሩ ተመልሶ ጎነበሰ። የዲናሞውን ብሎን አላልቶ ቺንጊያውን አወጣ። ፀሐይ ላይ ሲገለብጠው ውስጡ እንደ ብርጭቆ ያበራል፤ ጠርዙም ተሰነጣጥቋል። ዲናሞውን በጣቱ አሽከረከረው፤ ያለ ኮሽታ ዞረ። «ላንድ ደቂቃ ብቻ አስነሺያት» አላት። ሞተሩ ተነሳ። ጩኸት የለም፤ ለስላሳ ጉርምርምታ ብቻ።

«ይበቃል። ሞተሩ ዋላሂ ጤነኛ ነው።»

አጠፋችው። ያኔ ከቤቱ ውስጥ ያ ድምፅ እንደገና መጣ፤ አሁን ግን ጥሪ አልነበረም፤ አጠገብ ላለ ሰው የሚነገር ጨዋታ ነበር።

«ቤት ገባህልኝ? ና፣ እዚህ ተቀመጥ።»

አስካለማርያም ከመኪናዋ ወርዳ ወደ በሩ ሄደች። ባቱሎ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ አጠገባቸው ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። ፈገግ ብለዋል። በሃያ ዓመት ሥራዋ ብዙ የሚቃዥ ሰው አይታለች። ጎንበስ ብላ የልብ ምታቸውን ልትቆጥር እጇን ዘረጋች።

«ሆዮ» አለች፣ በሶማሊኛ እናቴ እንደ ማለት። «እኔ ነኝ፣ አዋላጇ።»

«አውቄሻለሁ ልጄ። ወዲህ ሁኚ፤ እላዩ ላይ እንዳትቀመጪ።»

አስካለማርያም ሳታስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ደክሞታል» አሉ ባቱሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከእንግዲህ አይሄድም።»

ስትወጣ ዐናብ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

«መኪናዋን ትተሻታል፣ አይደል? ከአንቺ በፊት ሦስት ሰው መጥቶ ነበር። የሆዮን ድምፅ ሲሰሙ ይሄዳሉ። እዚህ ከቆመች ግን እሳቸው በር በሩን ሲሉ፣ እኔም ኮፈን ስነካ እናልቃለን።»

አስካለማርያም መኪናዋን አየቻት። ካራማራ ላይ ክፍት የነበረው በር አሁንም በደንብ አይገጥምም። ብቻዋን በጨለማ ስትነዳት ራሷን አሰበች። ቀጥሎ ግን ያቺ ፍራሽ ላይ የነበረችው ሴት መጣችባት፤ ‹መኪናው መጣ ወይ?› እያለች ስትጠይቅ፣ እሷም ‹መጣ› እያለች ስትዋሻት።

«እወስዳታለሁ» አለች።

ሊብሬው በዐናብ ስም ስለነበረ ውሉን ለሰኞ ተቀጣጠሩ፤ መኪናዋን ግን ዛሬውኑ እንድትወስድ ተስማሙ። ፋራህ ከቦርሳው አዲስ ቺንጊያ አውጥቶ ገጠመ፤ ወጥሮ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ኮፈኑን ዘጋና ቁልፉን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

«አሁን ድመት እንኳ አትቀሰቅስም። ልሞክራት።»

«ሞተር ሲነሳ ይሰሙታል» አለች ዐናብ። «ቢጮህም ባይጮህም፣ ከግቢ ሲወጣ ሄደ ይላሉ። ዛሬ ገና ልጄ ቤት ገባልኝ ብለው…» አልጨረሰችውም።

ከውስጥ የባቱሎ ጨዋታ ይሰማል። ይጠይቃሉ፤ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ቀጥሎ ይስቃሉ።

አስካለማርያም ቁልፉን ኪሷ ከተተችው። በመስኮቱ እጇን አስገብታ ማርሹን ዜሮ አደረገች፤ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች፤ ትከሻዋንም በሩ ላይ ደገፈች።

«እንግፋት» አለች።

«እስከ አስፋልቱ?» አለ ፋራህ። «ዳገት አለው እኮ፣ ሲስተር።»

«እስከ አስፋልቱ።»

ዐናብ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ቀደመቻቸውና የቆርቆሮውን በር፣ እንዳይንቋቋ፣ በሁለት እጇ ከመሬት አንስታ ከፈተችላቸው።