ሰባ ላይ ነበር

ሉሊት ባጫ የሰይፈሚካኤልን ስም ሰባት ዓመት ሙሉ በጥርሷ ይዛው ኖራለች፤ መልኩን ግን አይታው አታውቅም ነበር። ስለዚህ አዳማ፣ ሰዓድ ጋራዥ ግቢ አዲስ ፒካፕ ነድቶ የገባውን ሽበታም ሰው መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ነው የተቀበለችው። ሰውየው ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ወረደ።

«ከፊንላንድ መጣች የሚሏት ኢንጂነር አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እዚያ በረዶ ላይ ነው አሉ የሚነዱት። እዚህ አቧራ ነው፣ እንዳትደነግጪ!» በራሱ ቀልድ ሳቀ። «በይ ተመልከቺልኝ። ሠላሳ አንድ ኢንች የነበረውን ጎማ አውጥቼ ሠላሳ አምስት አስገባሁባት። ቁመናዋ አማረ፣ ጉልበቷ ግን ሞተ። የአሰላ ዳገት ላይ አሮጌ አውቶብስ ጥሩንባ እየነፋብኝ አለፈኝ። እኔ ደግሞ ላንጋኖ ጀልባ ልጎትትባት ነው ያሰብኩት።»

ሉሊት ችግሩን ለማወቅ ኮፈን መክፈት አላስፈለጋትም። ጎማ ሲተልቅ አንድ ዙሩ ይረዝማል፤ ያንን ረጅም ዙር የሚያዞረው ሞተር ግን ያው የድሮው ነው። መፍትሔው አክስሉ ውስጥ ያሉትን ጥርሶች፣ መካኒኮቹ ኮሮናና ፒኞ የሚሏቸውን፣ መቀየር ነው። ቁራጭ ካርቶን ላይ አሰላች። የድሮዎቹ ጥርሶች ቁጥር ሦስት ነጥብ ዘጠኝ፣ በሠላሳ አምስት ተባዝቶ ለሠላሳ አንድ ሲካፈል አራት ነጥብ አራት። የጋራዡ መደርደሪያ ላይ ያሉት ግን አራት ነጥብ ሦስትና አራት ነጥብ አምስት ስድስት ብቻ ናቸው።

«አራት ነጥብ ሦስቱ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ጀልባ እየጎተቱ ዳገት ሲወጡ ግን ያስለቅስዎታል። ስለዚህ አራት ነጥብ አምስት ስድስቱን፣ የፊቱንም የኋላውንም። አንዱ ብቻ ከተቀየረ አራቱን ጎማ ባገናኙ ቀን ይሰባበራል። ከዚያ ለኮምፒውተሩ አዲሱን ጎማ እንነግረዋለን። የጎማውን ዙር ቆጥሮ ነው ፍጥነት የሚያወጣው፤ ካልተነገረው ጌጁ ይዋሻል።»

«እሱንማ ለእኔ አትንገሪኝ!» ሰውየው የጋራዡ ባለቤት ሰዓድ ባቀረበለት በርሜል ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። «ድሮ ሽንኩርት የሚጭን አይሱዙ ነበረኝ። የፍጥነት መገደቢያ ግጠም ብለው ቢያስጨንቁኝ ትልልቅ ጎማ አስገባሁበታ! ጌጁ ሰባ ይላል፣ መኪናው ሰማንያ ይሄዳል። መገደቢያው አያውቅ፣ ሾፌሩ አያውቅ። ከወለንጪቲ ተነሥቶ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይገባና ‹ዛሬ መንገዱ ቀለለኝ ጋሼ› ይለኛል፣ የዋህ!»

ሉሊት እርሳሱን አስቀመጠች።

«ማን ብዬ ልመዝግብ?»

«ሰይፈሚካኤል በይው።»

የዚያ አይሱዙ ሾፌር አባቷ ባጫ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዳማ ሲመጣ አንድ ጋሪ ነጂ ገጨ፤ ሰውየው እዚያው ሞተ። ባጫ «ሰባ ላይ ነበርኩ» አለ። አስፋልቱ ላይ የቀረው የጎማ ጭረት ሲለካ ፍጥነቱ ሰማንያ ሆኖ ተገኘ። ሰይፈሚካኤል ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርቦ «አትሩጥ እያልኩ ስለምነው ነበር» ብሎ ማለ። ባጫ ሦስት ዓመት ታሰረ።

ከእስሩ የባሰው ሲፈታ የገጠመው ነው። ሽማግሌዎች ለጉማ፣ ለደም ዕርቁ፣ ወለንጪቲ ተቀመጡ። ጉማ ላይ እውነት ሳይወጣ ዕርቅ የለም። የሟች ሚስት እልፍነሽ «እሮጥ ነበር ይበልና እታረቀዋለሁ» አለች። ባጫ «ሰባ ላይ ነበርኩ» ብሎ ሙጭጭ አለ። ሽማግሌዎቹ ልብሳቸውን አራግፈው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ባጫ ወለንጪቲን ረግጦ አያውቅም፤ እናቱ ስትቀበር እንኳ አልሄደም።

ሉሊትም ያን ጊዜ ከፊንላንድ ደውላ «አባዬ፣ ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገረኝ። ስንት ላይ ነበርክ?» ብላዋለች። የተማረችው መኪና ሆኖ ሳለ፣ ስለ ጎማው ግን አልጠየቀችውም።

ሰይፈሚካኤል ሲወጣ ሰዓድ ጠጋ አላት። «እኔም ሰምቻለሁ። ግን ነገ ‹መቼ አልኩ› ቢልሽስ? የጋራዥ ወሬ ማን ይቆጥረዋል?»

«ለዚህ ነው መንገድ ላይ የማስወራው።»

ሁለት ቀን ከመኪናው ሥር ተኝታ ጥርሶቹን ቀየረች። አንድ ጊዜ የፍሬኑን ቱቦ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ጣቷ እዚያው ቆየ። ከዚያ አነሣችው። ቢሞት ምን ያደርግላታል? የፈለገችው እንዲምል ነው። ላፕቶፑን ሰክታ የጎማው መጠን በሚጻፍበት ቦታ ሠላሳ አምስት ጻፈች፤ መልሳ አጠፋችው። ሠላሳ አንድ ብላ አስቀመጠችና ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰይፈሚካኤል ሲመጣ ከኋላ ወንበር ላይ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘ።

«እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?»

«ለጉልበታቸው ሕክምና መጥተው ወደ ወለንጪቲ የሚመለሱ አባት ናቸው። ሙከራችንም በዚያው ስለሆነ እናድርሳቸው ብዬ ነው።»

የዚያ የፈረሰው ጉማ ሰብሳቢ አባ ዲዳ ነበሩ። ሉሊት የነገረቻቸው «ጌጁን ብቻ ይዩልኝ» ብላ ነው።

ፒካፑ ከከተማ ሲወጣ እንደ አዲስ ፈረስ ተፈተለከ። ሰይፈሚካኤል በደስታ መሪውን መታ። «ይኸው! ነፍስ ዘራች እኮ!»

«ሰባ ላይ ያዙት። ከሰባ እንዳይበልጥ።»

«ይኸው ሰባ!»

አንዲት ሴት ጀሪካን የጫነ አህያ እየነዳች ድንገት መንገዱን ልታቋርጥ ገባች። ሰይፈሚካኤል ፍሬን ያዘ፤ መኪናዋ ካሰበው ቦታ አልፋ አህያው ጎን ላይ ደርሳ ቆመች። ሴትየዋ እየተራገመች አለፈች። የሉሊት እግር የሌለ ፍሬን ረግጦ ደርቆ ቀርቷል። ይህን አላሰበችውም ነበር። አሁን ልንገረው አለች በልቧ። አልነገረችውም።

«ምነው ይቺ፣ አልቆም አለች?» አለና እንደገና ሰባ ላይ አወጣት።

ወለንጪቲ መግቢያ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘረጋ።

«ሰባ ዘጠኝ፣» አለ ራዳሩን እያሳየ።

«ምን? እኔ ሰባ ላይ ነበርኩ!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ አባት።»

«ልጆቼን ይንሳኝ፣ ሰባ ላይ ነበር! ይቺን ልጅ ጠይቃታ!»

ትራፊኩ ጎንበስ ብሎ ሉሊትን አያት። ሉሊት ሰባት ዓመት የያዘችውን ተፋችው። «እኔማ አይሩጡ እያልኩ ስለምናቸው ነበር።»

«ውሸታም!» የሰይፈሚካኤል አንገት ቀላ። «ጎማው ነው እኮ! ጎማ ሲተልቅ ጌጁ ሰባ ይላል፣ መኪናው ሰማንያ ይሄዳል! አይሱዙዬም እንደዚሁ ነበር! እሷ ናት ሳታስተካክል የሰጠችኝ!»

«የትኛው አይሱዙ?» አሉ አባ ዲዳ ከኋላ፣ ቀስ ብለው። «ባጫ ይነዳው የነበረው?»

ሰይፈሚካኤል ዞሮ ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ ሉሊትን።

«አባቴ ነው፣» አለች።

ሁለት ቀን ያዘጋጀችው ስድብ ነበራት፤ አላስፈለጋትም። ላብ ከጆሮው ሥር ተነሥቶ ኮሌታው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሳትቸኩል አየችው።

«ሰኞ ሽማግሌ አስቀምጣለሁ፣» አሉት አባ ዲዳ። «ይህንኑ እልፍነሽ ፊት ትደግመዋለህ። ብትክድ እኔ አለሁ፣ ይህ ትራፊክም ሰምቷል።» ከዚያ ወደ ሉሊት ዞሩ። «አንቺም ትመጫለሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ኮምፒውተሩ ላይ ምን ቁጥር እንደጻፍሽ ትናገሪያለሽ። ስለዚያች አህያ ነጂም።»

«እሺ፣ አባ።» እዚያው መንገድ ዳር ላፕቶፑን ከፍታ ሠላሳ አምስት ጻፈች።

አዳማ ስትመለስ ባጫ ግቢው ውስጥ ፓፓያውን ውሃ ያጠጣል። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ባልዲውን አስቀመጠ።

«ጌጁ ስንት ይል ነበር?»

«ሰባ።»

«አየሽው?»

«በዓይኔ፣ አባዬ።»

«ያን ጊዜ በስልክ አምነሽኝ ቢሆን፣» አለ፣ «ዕርቁ ቢቀርብኝ እንኳ እንቅልፍ አላጣም ነበር።»

ሉሊት ባልዲውን አንሥታ የቀረውን ውሃ ፓፓያው ሥር አፈሰሰች። ባጫ ደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ቀና ብሎ አያት።

«እስቲ ሲምል ያለውን ድገሚልኝ።»

«‹ልጆቼን ይንሳኝ፣ ሰባ ላይ ነበር!›»

ባጫ ዓይኑን ጨፈነ።

«እንደገና፣» አለ።