ከጌጫ አፋፍ እስከ ቴፒ

ማናልሞሽ ሚዛን ተፈሪ ተወልዳ ያደገች የስፖርት መምህርት ናት። ሮጣ አትጠግብም፤ ከፍታ ግን አትችልም። የትምህርት ቤቱ ፎቅ ላይ ስትቆም እንኳ የበረንዳውን ብረት አትለቅም። ታናሽ ወንድሟ ፍሬአብ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እትዬ፣ ለሳምንት እረፍት እየመጣሁ ነው፤ ክንፌንም ይዣለሁ» ሲላት፣ «አንተ ብረር፣ እኔ ከታች ሆኜ አይሃለሁ» ብላ ሳቀች። ልቧ ያለው እሑድ ቴፒ ላይ በሚካሄደው ሩጫ ነበር።

ክንፍ የሚለው ሃንግ ግላይደር የሚባለውን ሞተር አልባ መብረሪያ ነው፤ ሲታጠፍ ረጅም ጥቅል ይሆናል። ፍሬአብ ሰኞ ከአውቶቡስ ሲወርድ ጥቅሉ ጣሪያው ላይ የለም። ረዳቱ ተሳስቶ ቦንጋ ላይ የሠርግ ድንኳን እስኪመጣላቸው ለሚጠብቁ ሰዎች አውርዶ ሰጥቷቸዋል! የማናልሞሽ አብሮ አደግ ሬድዋን፣ በፒክአፑ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው፤ በማግስቱ ፍሬአብን ይዞ ቦንጋ ሄደ። ሲደርሱ የሙሽራው አጎቶች ክንፉን ግቢ ውስጥ ዘርግተው፣ ምሰሶው በየት በኩል እንደሚገባ እየተከራከሩ ነበር።

«ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ሙሽሮቹ ከነወንበራቸው ይበሩ ነበር» አለ ሬድዋን ሲመለስ፣ ሳቁ አላናግር እያለው።

ከዚያ ዝናብ ጣለ። ዓርብ ሲያባራ ሦስቱም ወደ ጌጫ ተነሡ፤ ፍሬአብ የመረጠው ደጋው አልቆ ምድሩ ወደ ቴፒ ቆላ የሚወርድበትን አፋፍ ነው። ቴፒን አልፈው ዳገቱን እንደጀመሩ ፒክአፑ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ማናልሞሽ ሱሪዋን ጠቅልላ ትራክተር ፍለጋ ቁልቁል ሮጠች። ስትመለስ ትራክተሩ ላይ ተቀምጣ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ፣ «ልምምድ ማለት እንዲህ ነው!» አለቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ፍሬአብ አፋፉ አጠገብ ክንፉን ገጣጥሞ አቆመ። ነፋሱን አየ፤ ከዚያ እህቱን አያት።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር የሚነሣው በሩጫ ነው። ሁለት ሰው እግር ገጥሞ ይሮጣል፣ ክንፉ ነፋስ ይይዛል፣ በቃ። አብረውኝ የሚሞክሩት ሰዎች ጫፉ ላይ ሲደርሱ ይቆሙብኛል። አንቺ ግን ሯጭ ነሽ።»

«አልሰማሁህም» አለችው። ሰምታዋለች። ቁልቁለቱን አየችው፤ ሣሩ አጭር፣ መሬቱ ልስልስ ያለ፣ ሩጫ የሚያስመኝ ነው። ከዚያ «መታጠቂያው የታል?» አለች።

«ኧረ ተይ ማናል! ነገ እኮ ውድድር አለሽ» አለ ሬድዋን።

መጀመሪያ ሲሞክሩ ጫፉ እንደቀረበ እግሯ በራሱ ጊዜ ቆመ። ሁለቱም በሆዳቸው ሣሩ ላይ ተንሸራተቱ፤ ጉልበቷ ተላጠ። ፍሬአብ አልተቆጣም። «አይዞሽ። ጫፉን አትይው፤ ሩቁን እይ» አላት።

እንደገና ሮጡ። አሁን እግራቸው ገጠመ። ሣሩ አለቀ፤ እሷ ግን አላቆመችም። ባዶ አየር እየረገጠች መሆኗን ያወቀችው የጫማዋ ድምፅ ሲጠፋባት ነው።

የሸካ ደን ከሥሯ ተዘርግቷል፤ ቅጠል ከቅጠል የገጠመ፣ ዳርቻው የማይታይ አረንጓዴ። በየሸለቆው የተኛው ጉም ፀሐይ ሲነካው እየተፈታ ይነሣል። የክንፉ ሽቦዎች በቀጭኑ ያፏጫሉ እንጂ ሌላ ድምፅ የለም። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ነጭ ጭራቸው ብልጭ ይላል። አንድ ንስር ከጎናቸው መጣና ክንፉን ሳያርገበግብ አብሯቸው ዞረ። አንገቱን መለስ አድርጎ፣ ጎረቤት በአጥር ላይ እንደሚያይ አያት።

«እትዬ፣ ፈራሽ እንዴ?» አለ ፍሬአብ።

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። አፏን ብትከፍት የምታለቅስ መሰላት።

ወደ ቆላው ሲቃረቡ ሞቃት አየር ከታች ገፍቶ አነሣቸው፤ ከአየሩም ጋር ጠረን መጣ። የቡና አበባ ነው! ቡናው በጥላ ዛፎች ሥር ስለሆነ አይታይም፤ ጠረኑ ግን ደኑን አልፎ እዚያ ድረስ ወጥቷል። ዕድሜዋን ሁሉ የምታውቀው ጠረን ነው፤ ወደ ሰማይ እንደሚወጣ ግን ማን ነግሯት ያውቃል? ፍሬአብም ጠረኑን በረጅሙ ሳበ።

ሐሳባቸው ቴፒ ኳስ ሜዳ ላይ ማረፍ ነበር፤ ነፋሱ ግን ደከመ። ከከተማው ወዲህ አንድ የታረሰ ማሳ ላይ ወረዱ፤ ሲያርፉ የማናልሞሽ ቁርጭምጭሚት ዞረ። የማሳው ባለቤት በየነች የምትባል የሸኮ ብሔረሰብ ሴት ናት። ዶማዋን እንደያዘች ቀረበቻቸው።

«ከየት መጣችሁ?»

«ከጌጫ» አለ ፍሬአብ።

«መንገዱ ጠዋት በናዳ ተዘጋ አሉ እኮ። በየት አለፋችሁ?»

ፍሬአብ ወደ ላይ ጠቆማት። በየነች ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ ከዚያ የክንፉን ጨርቅ በመዳፏ ዳሰሰችው። «ጌታ ሆይ፣ ሥራህ!» አለች በዝግታ። ቤቷ አስገብታ ጎደሬ ቀቅላ አበላቻቸው፤ የማናልሞሽን እግር አሽታ በጨርቅ አሰረችላት፣ አሳደረቻቸውም። በመኪና የተከተላቸው ሬድዋን የማናልሞሽን የሩጫ ቁጥር እንደያዘ ከናዳው ወዲያ ቀርቷል።

እሑድ ቴፒ ሲደርሱ ውድድሩ ተጀምሯል። አስተባባሪው «ያለ ቁጥር አይቻልም» ቢላትም፣ «ግድ የለም፣ አትቁጠሩኝ» ብላ እያነከሰች ገባች። ሽማግሌዎች አለፏት፤ ምንም አልመሰላትም። ሌላ ጊዜ ከፊቷ ያለውን ሯጭ ጀርባ ነበር የምታየው፤ ዛሬ ግን ዛፎቹን ቀና እያለች ታያለች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ገመዱን እየጠቀለሉ ነበር።

ከሰዓት መንገዱ ተከፍቶ ሬድዋን ደረሰ፤ ክንፉን ከበየነች ግቢ ሊያነሡ አብረው ሄዱ።

«ስንተኛ ወጣሽ?» አላት እየነዳ።

«እንጃ።»

«ሰማይ ላይስ? ምን አየሽ?»

ስለ ንስሩ መንገር ጀመረች፤ ተወችው። ስለ ጠረኑ ጀመረች፤ እሱንም ተወችው። «ሬድዋን፣ አገራችን እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለች።

 ሬድዋን በመስታወቱ ፍሬአብን አየውና «ስማ፣ ክንፍህ ሾፌርም ይጭናል?» አለው።

«መሮጥ ትችላለህ?»

«ማናል ታሠለጥነኛለች።»