የምትጨመር አንዲት ሰዓት

«እስከ ስድስት ሰዓት ካላሳወቅን የመርከቧ ቦታ ለሌላ ይሰጣል ነው የሚሉት» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ። «እትዬ፣ እርስዎ አይጨነቁ። እኔ አሰርዘዋለሁ።»

የሟቹ ሚስት ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ባለ ፔንዱለም ሰዓት አየች። አምስት ከሩብ ይላል። አዲስ ሙሽራ ሳለች ይኸው ሰዓት ቀድሞ አግኝታው፣ የደቂቃውን ዘንግ በጣቷ ወደ ኋላ ልታዞር ስትል ባሏ ከወንበሩ ዘሎ እጇን ይዟት ነበር። «እንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ወደ ኋላ አይዞርም፣ ደወሉ ይበላሻል! ያስቆሙትና ጊዜው እስኪደርስበት ቁጭ ብለው ይጠብቁታል» ብሏት ነበር። ሰዓት ሠሪ ነበር።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከየጎረቤቱ በመጡት ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ያዩአታል። እሷ የምታየው ግን ከባሏ ወንድም ኮት ኪስ ብቅ ያለውን የታጠፈ ወረቀት ነው። ከቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳይጠይቃት ያነሳው የጉዞ ቅጽ ነው።

«ወረቀቱን ስጠኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል? ጽሑፉ እኮ ደቃቅ ነው።»

እስከ ዛሬ አራት ዓመት ድረስ በአውራ ጣቷ ትፈርም እንደነበር ቤቱ ሙሉ ያውቃል።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ተይው ይሰርዘው። ካልሆነም በአውሮፕላን ሂጂ። አሥራ አራት ቀን ባሕር ላይ፣ ብቻሽን? ዓሣ እንኳን በመንጋ ነው የሚሄደው!»

ባልና ሚስቱ አንድ ወር ሙሉ የተጨቃጨቁት በዚሁ ነበር። አንዲት ልጃቸው ከውቅያኖሱ ማዶ ልትወልድ ነው። የቆረጡት ቲኬት አንዱን መንገድ በመርከብ፣ ሌላውን በአውሮፕላን ነው። የትኛውን በየትኛው እንደሚያደርጉት መምረጥ ብቻ ቀርቷቸው ነበር።

«በመርከብ እንሂድ» ይል ነበር እሱ። «ወደ ምዕራብ ስንሄድ የመርከቧ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ አንዳንድ ቀን አንድ አንድ ሰዓት ይጨመራል፤ እዚያ እስክንደርስ ስምንት! ወደ ምሥራቅ ስንመለስ ከሆነ ግን ይወሰድብናል። አርባ ዓመት የሰው ሰዓት ስጠግን አንዲት ደቂቃ የመረቀልኝ አልነበረም።»

«ልጄ ቀድማ ብትወልድስ? መርከቧ ብትዘገይስ? ታማ ብትደውል ባሕር መሃል ማን ያነሳላታል? በአውሮፕላን እንድረስላት!»

መርከቧ ከመውለጃዋ ወር ቀድማ እንደምትደርስ ልጅቷ ደጋግማ ነግራታለች። የእናት ሆድ ግን በቀን መቁጠሪያ አይጽናናም።

በመጨረሻው ጧት ጫማውን እያሰረ «ስምንት ሰዓት ሙሉ ካንቺ ጋር፣ ተማሪዬ» አላት። ማንበብ ከጀመረች ወዲህ ስሟ ይኸው ነበር።

እሷ ሳህን እያጠበች ነበር። ዞር እንኳን አላለችም። «ሠላሳ አራት ዓመት አልበቃኝ ብሎ! ካንተ ጋር ተጨማሪ ሰዓት ምን ያደርግልኛል?»

ሳቀ። «እንግዲያው አንቺው ምረጪ» ብሎ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ትቶላት ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ፣ አጉሊ መነጽሩ ዓይኑ ላይ እንዳለ፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኙት።

ያለችውን ለማንም አልተናገረችም።

ስልኳ ጮኸ። ልጇ ናት።

«እማዬ፣ በፈለግሽው ነይ፤ ብቻ ነይ። አባዬ በየት በኩል ነበር የመረጠው?»

ቀና ብላ ሰዓቱን አየች። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆኗል።

«መልሼ እደውልልሻለሁ፣ እናቴ» አለችና ተነሳች። የባሏ ወንድም ፊት ቆማ እጇን ዘረጋች። ሰዎቹን አየ፤ እጇን አየ፤ ወረቀቱን ሰጣት።

በሌባ ጣቷ እየተከተለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ሀ። በ-መርከብ መሄድ፣ ወደ ምዕራብ። ለ። በመርከብ… መመለስ፣ ወደ ምሥራቅ። ሐ። መሰረዝ።»

ከሦስት ቀን ወዲህ የእያንዳንዱ ሰዓት ርዝመት ዓመት ነው። ሰዓት የሚወስደው የምሥራቁ መንገድ ይሻላት ነበር። በማን ዕድሜ ላይ ነው የሚጨመረው አሁን?

«ምን ያደርግልኛል ብዬው ነው የሞተው» አለች፣ ለልብስ ሰፊዋ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ልብስ ሰፊዋ፣ ነገር የማያልቅባት ሴት፣ እስክሪብቶ አቀበለቻት።

ተቀበለቻትና «ሀ»ን አከበበች።

የባሏ ወንድም ደወለ። «ወደ ምዕራብ… አዎ። አይ፣ ሁለት አይደለም።» ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጠ። «አንድ ሰው።»

ስልኩን ሲዘጋ የግድግዳው ሰዓት ስድስት ጊዜ ደወለ።

የመጨረሻው ደወል እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ መስታወቱን ከፍታ ፔንዱለሙን በጣቷ ያዘችው። ቆመ። ሁለት ወንበር ስባ ሰዓቱ ሥር ጎን ለጎን አደረገቻቸው። በአንዱ ተቀመጠች፤ በሌላው ላይ ማንም እንዳይቀመጥ እጇን አሳረፈችበትና የምትጨመረዋ አንዷ ሰዓት እስክትሞላ መጠበቅ ጀመረች።